ካፊያ ያነበበችው ሦስተኛ አጀንዳ

እኛ መሥሪያ ቤት ካፊያ የምትባል ሴት አለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ካፊያ ያልናት እኛ ነን፣ እሱንም በሌለችበት። የወረዳው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ናት። ስብሰባ በተቀመጠ ቁጥር ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቆማ ታነባለች። አነባበቧ ከፍ አይል፣ ዝቅ አይል፣ አያቆም፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግማሹ አባል አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። እኔ ከኋላ ወንበር ፋይል ታቅፌ ስለምቀመጥ ማን እንደሚያንኮራፋ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ብናገር ስንቱ ባፈረ!

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከካፊያ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ሠርተናል። አሥሩን ዓመት ጊዜያዊ ነበርኩ፤ በየሦስት ወሩ ውሌ ይታደስ አይታደስ እያልኩ ስባንን የኖርኩ ሰው ነኝ። ቋሚ የሆንኩት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር፣ ካፊያ በጻፈችው አንድ መስመር። በዕድሜ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ፤ አንቱ ግን አልላትም። ሽንት ቤት ተቆልፎባት በመብሻ ከፍቼ ያወጣኋትን ሰው ምን ብዬ አንቱ ልበል! እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እወቁ። ካፊያ ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው ከስብሰባው በፊት ነው። አትሳቁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የሠራችው። አጀንዳው በደረሳት ማግሥት ጠረጴዛዋ ላይ ታቀረቅርና "ምክር ቤቱ በዝርዝር ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል" ብላ ትጨርሰዋለች። በዕለቱ የምትሞላው ሰዓቱንና የቀሩትን ሰዎች ስም ብቻ ነው። "እነሱ የመጣላቸውን ሳያጸድቁ ወጥተው ያውቃሉ?" ትለኛለች ስቆጣት። እውነቷን ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰርዛ የጻፈችው አራት ጊዜ ነው። ሰብሳቢው ሳያነብ ይፈርማል፣ ማህተም ያርፋል፣ ውሳኔው ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ደግሞ ይነበባል፤ ተቃውሞ ከሌለ ጸደቀ ማለት ነው። ዝም ያለ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ሽንት ቤቱ የተቆለፈባት ቀን ሦስት አጀንዳ ነበር። አንደኛ በጀት፣ ሁለተኛ የሠራተኞች ስምምነት፣ ሦስተኛ የእርሻ መሬት ጥበቃ። ሦስተኛው በአስፋልቱ ዳር ያሉ ሠላሳ አንድ ማሳዎች ላይ ምንም ዓይነት ግንባታ እንዳይካሄድ የሚከለክል ነው። ከተማው እየገፋ መጥቶ ማሳውን በመጋዘን እየዋጠው ስለሆነ የካርታ ባለሙያችን ስድስት ወር ለፍቶ ያዘጋጀው ዝርዝር ነው።

በጀቱ ረፋዱን ሙሉ ፈጀው። ለመኪና ነዳጅ ተከራከሩ፣ ለወንበር ተከራከሩ። የሴቶች ሽንት ቤት በር እጀታ ማስጠገኛ ለሦስተኛ ዓመት ተሰረዘ። አንዱ አባል ተነስቶ "በሩ ይዘጋል እኮ፣ ምን ሆነ?" አለ። መዝጋቱንማ ይዘጋል! አለመክፈቱ ነው እንጂ ችግሩ። ለነገሩ እሱ ምን ገዶት፣ የወንዶቹ ደህና ነው።

ሁለተኛው አጀንዳ ቶሎ አለቀ። ከስምምነቱ አንቀጾች አንዱ ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰናበት፣ በሕግም እንደሚጠየቅ ይናገራል። ካፊያ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ አስቀድማ ጽፋዋለች። እሱ እንዳለቀ እኔ የማያስፈልጉትን ፋይሎች ይዤ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ፤ እሷም "መጣሁ" ብላኝ ተከትላኝ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ ግድግዳዬ ይደበደብ ጀመር። አይጥ መሰለኝ። በኋላ "አንቺ ልጅ! አንቺ ልጅ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወይ ጉድ! ሮጬ ሄድኩ። እጀታው ከውስጥ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀርቷል። ፋይል የምበሳበትን መብሻ አምጥቼ፣ ቁልፉን ስጎረጉር፣ ስሳደብ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነን። ስትወጣ ላብ አጥምቋታል። "ለማንም እንዳትነግሪ፣ በሞቴ" አለችኝና ቀሚሷን እያስተካከለች ወደ አዳራሹ ሮጠች።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ሰብሳቢው ብቻ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ በሩ ላይ ቆሟል። ወረቀቱን ዘረጋችለት፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፎ ፈረመና ወሬውን ቀጠለ። ምን ወሰናችሁ ብላ አልጠየቀችም። ምን ብላስ ትጠይቅ? "ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ተቆልፎብኝ ነበር" ትበል? አንድ ቃል አያመልጣትም እየተባለ የሚወራላት ሴት! ኩራቷ አላስጠየቃትም። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ።

በሦስተኛው ቀን የካርታ ባለሙያው እስክሪብቶውን እያኘከ መጣ። እኔ እዚያው ፋይል እያሰርኩ ነበር።

"እትዬ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ካርታውን ላሻሽለው ወይስ እንዳለ ይቅረብ?"

"የቱን ካርታ?"

"የእርሻውን ነዋ! ሰብሳቢው ስልክ ሲመጣላቸው 'ምሳ ደርሷል፣ ሦስተኛው ለወሩ ይደር' ብለው አስነሱን አይደል?"

ካፊያ ክው አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። እሱ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከግቢው በር እየሳቀ ተመለሰ። "ለካ እኔ ከወጣሁ በኋላ ተወስኗል! ለጥፋችሁታል እኮ! ደግ አደረጉ፣ ነፍሴን አሳረፏት!" ብሎ ደስ ብሎት ሄደ።

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም፣ እውነቴን ነው። ሲገባኝ ግን የማስረውን ፋይል ጣልኩት። በሩን ዘጋሁት።

"እትዬ፣ ሄደሽ ተሳስቻለሁ በያቸው። ምን አለበት?"

ቃለ ጉባኤውን አወጣችና ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ። በራሷ እጅ፣ ፊደሉ እንዴት እንደሚያምር! "ለጡረታ የቀረኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው" አለችኝ በሹክሹክታ፣ የሚሰማን ያለ ይመስል።

ይሄ ሳያንስ በማግሥቱ አንድ ባለ ሽንኩርት መጣ። ቦቲው ላይ ጭቃ የደረቀበት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ ገበሬ ነው። አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ ገብቶ ካፊያ ጠረጴዛ ሥር ዱብ አደረገው። ቆሞ ነው ያወራው፤ ወንበር ብንሰጠውም አልተቀመጠም። ማሳው አስፋልቱ ዳር ነው። በቀኙ ያለው ጎረቤት ለመጋዘን ሠሪ ሸጧል፣ በግራው ያለውም ሸጧል። እሱንም እስከ ቅዳሜ ካልፈረምክ መግቢያህን አጥረን እንዘጋዋለን ብለውታል። ሊፈርም እየመጣ ሳለ ሚስቱ ማስታወቂያውን አየች።

"ሦስቴ አነበበችልኝ። አላመንኳትም፣ ራሴ አነበብኩት። የማሳዬ ቁጥር አለ! ውሉን ደላላው ፊት ቦጫጨቅኩለትና ትናንት ችግኜን አፈላሁ። ጽሑፉ ያንቺ ነው አሉኝ እህቴ። እጅሽ ይባረክ።"

"ኧረ ውሰደው፣ ኧረ በፈጠረህ ውሰደው!" ትላለች ካፊያ ጆንያውን ወደሱ እየገፋች።

"ኧረ አይገባም! ሲያንስሽ ነው!" ይላል እሱ። በይሉኝታ እየተግደረደረች መስሎታል። እየሳቀ ወጥቶ ሄደ፤ እኛ ከጆንያው ጋር ተፋጠን ቀረን።

አሁን ነገሩን አስቡት። ያልተወሰነ ውሳኔ ጽፋለች። ውሳኔው የሚጠቅመው ሰው ደግሞ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ቢሮዋ ድረስ አምጥቶላታል። ዳኛ ፊት ቆማ ምን ልትል ነው? ሽንት ቤት ነበርኩ ልትል? እኔን ምስክር ልትጠራ? እኔስ ምን ብዬ እመሰክራለሁ፣ በመብሻ ከፈትኩላት ልበል? "መዝገብ ቤት ደብቂልኝ" ስትለኝ ጮህኩባት። "እኔንም ልታሳስሪኝ ነው? ልጆቼን ማን ያሳድግልኝ?" አልኳት። ወዲያው ግን አንጀቴን በላችውና በታክሲ ጭነን ቤቷ ወሰድነው።

ልጇ ለወጥ ብላ አንድ ሽንኩርት ብታነሳ "አትንኪው!" ብላ ጮኸችባት አሉ፣ ልጅቷ እስክትንቀጠቀጥ። ጆንያው በሩ ኋላ ቆሟል፣ ይሸታል። መኪና ደጃፉ ላይ በቆመ ቁጥር ካፊያ መጋረጃ ትገልጣለች። ቆጣሪ አንባቢው በሩን ሲያንኳኳ መኝታ ቤት ገብታ ተደበቀች። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ሰኞ ሥራ ስትገባ ሳያት ዓይኗ ጎድጉዶ ሌላ ሰው መስላለች። ሦስት ቀን ሙሉ የሰብሳቢው በር ድረስ እየሄደች ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ገባች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

"ምነው እትዬ?" አላት ቀና ብሎ።

"የሽንት ቤቱ እጀታ..." አለች።

"እሱንማ በበጀቱ ተነጋግረን ዘጋነው አይደል?"

"አዎ፣ ዘግታችኋል" አለችና ወጣች። መሳቅ አማረኝ፣ ግን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አየኋት። ሰው ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው "ጆንያውን እንመልስለት፣ እውነቱንም ልንገረው" አለችኝ። ጆንያውን ታክሲ ላይ ጭነን አብሬያት ሄድኩ። ማሳው በግራም በቀኝም በቆርቆሮ ታጥሯል። ከቆርቆሮው ወዲያ የአሸዋ ክምር ይታያል፣ መሐሉ ላይ ግን አረንጓዴው ችግኝ በመስመር በመስመር ቆሟል። ባለ ሽንኩርቱ ሊያቅፈን ሲመጣ ካፊያ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረችው፣ ሽንት ቤቱንም ሳይቀር። ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። ሚስቱ ከሩቅ እያየችን ነበርና እንዳይታወቅበት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ማን ያውቃል?" አለ ዝቅ ብሎ።

"እኔና ይህቺ ልጅ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ምነው ባልሄድኩ!

"ሰኞ ስብሰባ ላይ ይነበባል" አለችው። "ዝም ካሉ ይጸድቃል። ስህተት ነው ካልኩ ግን ማስታወቂያው ይነሳል፣ እንደ አዲስ ድምፅ ይሰጥበታል። መጋዘን ሠሪው ደግሞ ይሄን ሰሞን አባላቱን አንድ በአንድ እያነጋገረ ነው ይባላል። ይወድቃል።"

ቢለምናት ይሻለኝ ነበር። አልለመናትም። አፈሩን በጣቱ ሲጭር ቆየና "እኔ ውሉን ቀድጃለሁ" አለ። "አሁን ከወደቀ መግቢያዬን ዘግተው በነጻ ነው የሚወስዱብኝ። አራት ልጆች አሉኝ።" ከዚያ ተነስቶ ጆንያውን ከታክሲው አወረደ። "ይሄንንም ስላመጣሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ" አላት። እኛ ስንሄድ አሁንም እዚያው ቆሞ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ!" አልኳት በቁጣ። ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው።

"ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ" አለች። "አልደብቅም። ጆሮ ያለው ይስማ። ከተቃወሙ የመጣውን እችላለሁ።"

እንዳለችውም ተነስታ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ማንበብ ጀመረች። ምን ሆነ መሰላችሁ? ካፊያው ሲቆም ሰዎቹ ነቁ! አንደኛው አጀንዳ ሳያልቅ አገጮች ከደረት ላይ ተነሱ። ሁለተኛው ላይ ስልክ የሚነካካው ስልኩን አስቀመጠ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አርባ ሁለት ሰው ዓይኑን ተክሎባታል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሰምተዋት የማያውቁ ሰዎች ዛሬ ይስሟት! በሆዴ "እባክሽ ፍጠኚ፣ እባክሽ አስተኛቸው" እላለሁ።

"ሦስተኛ አጀንዳ። በአስፋልቱ ዳር የሚገኙ ሠላሳ አንድ ማሳዎች ከማናቸውም ግንባታ እንዲጠበቁ ምክር ቤቱ በዝርዝር ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።"

ቀና ብላ ጠበቀች። ጸጥ አለ። አንዱ አባል አጠገቡ ያለውን አየ፣ ያም ሌላውን አየ። እኔ ወጥቼ ነበር እንዴ? ተኝቼ ነበር እንዴ? ማንም ተኝቶ የነበረው እሱ ብቻ ሆኖ እንዲገኝ አልፈለገም። ያ ስለ እጀታው የተናገረው ሰውዬ እጁን አወጣ።

"እሺ?" አለ ሰብሳቢው።

"መስኮቱ ይዘጋልን፣ ብርድ ገባ።"

ተነስቼ ዘጋሁት። ስመለስ ሰብሳቢውን አየሁት፤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። የራሱን ፊርማ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ካፊያን አያት። ገብቶታል! ምሳ ደርሷል ብሎ ያስነሳቸው እሱ ራሱ እኮ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እኔ ከዚያ በፊት ትልቅ ሰው ሲፈራ በቅርብ አይቼ አላውቅም።

"ተቃውሞ አለ?" አለ።

ማንም አልተነፈሰም።

"ጸድቋል።"

ኮሪደር ላይ ተከትሎን መጣ። "ማን ያውቃል?" አላት በሹክሹክታ፣ ልክ እንደ ባለ ሽንኩርቱ። "እኔ ብቻ" አለችው፤ እኔ አጠገቧ ፋይል ታቅፌ ቆሜ! በዚያው ሳምንት አናጢ መጥቶ የሽንት ቤቱን እጀታ ቀየረው። ከየትኛው በጀት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

እኔ አበቃ ብዬ ነበር። ማሳው ተረፈ፣ ሰውየው ችግኙን ያጠጣል፣ እሷም ጡረታዋን ትጠብቃለች። የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን መዝገብ ቤት መጣች፣ ከበፊቱ ብሶባት። በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

"ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልሰማኝም ማለት ነው" አለች። "እኔ የጻፍኩትን ነው ሲያጸድቁ የኖሩት። አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ቀን ወጥቼ ነበር? ጥርሴን ያመመኝ ቀን አለ። ልጄን ከትምህርት ቤት ያመጣሁበት ቀን አለ። ተመልሼ ጠይቄ አላውቅም። ስንቱ ነው ያልተባለው?"

ፋይሎቹን ማውረድ ጀመረች። ልከለክላት ሞከርኩ፣ አልሰማችኝም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓመት በዓመት ታገላብጣለች፤ እዚህ ቀን ነበርኩ፣ እዚህ ቀን አልነበርኩም ትላለች። የውሃ መስመር። የገበያው አጥር። የሰው መሬት፣ የሰው ቤት። እኔ ቆሜ አያታለሁ።

ከዚያ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን ፋይል ከፈተች። አሥራ ሁለት ጊዜያዊ ሠራተኞች ቋሚ እንዲሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል። የእኔ ስም ሰባተኛ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስብሰባው ሲተራመስ ትዝ ይለኛል፤ እኔ ውጭ ቆሜ ስጸልይ ነበር። ካፊያ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ያን ቀን..." አለች።

ፋይሉን ከእጇ ነጠቅኳት። ገመዱን ሁለት ዙር አሰርኩት፣ ወንበር ላይ ወጥቼ እሷ የማትደርስበት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ከኋላ ከተትኩት። "ነይ ሻይ እንጠጣ" አልኳት። ያን ቀን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በር ሲንኳኳ ግን አሁን የምደነግጠው እኔ ነኝ።